በካርቶን ቀዳዳ የፀሐይ ነጠብጣብ ለምን አይታይም?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጫማ ካርቶን አንዱን ጫፍ ቆርጬ በፎይል ሸፈንኩት፤ ፎይሉን በመርፌ በስቼ የፀሐይን ምስል ከውስጥ ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፍኩ። ምስሉ ግን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ነጠብጣብ የሚባለው፣ በፀሐይ ገጽ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ፣ አይታይበትም። ቀዳዳውን ሳሰፋው ደመቀ እንጂ አልተለቀም፣ ጠርዙም ደበዘዘ። ምኑን ላስተካክል?

መልስ 1፦
የምስሉን ስፋት የሚወስነው ቀዳዳው ሳይሆን ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት ነው። ርቀቱን ለ108 አካፍለው። በ30 ሳንቲ ሜትር ካርቶን 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በ1 ሜትር 9 ሚሊ ሜትር፣ በ5 ሜትር 4.6 ሳንቲ ሜትር ታገኛለህ።

ቀዳዳው የሚወስነው ድምቀቱንና ጥራቱን ነው። ከፀሐይ ገጽ እያንዳንዷ ነጥብ የምትልከው ብርሃን ወረቀቱ ላይ የቀዳዳውን ያህል ሰፍቶ ያርፋል፤ ስለዚህ ሲሰፋ ምስሉ ይደበዝዛል። ከልክ በላይ ሲጠብ ደግሞ ብርሃኑ ራሱ በቀዳዳው ጠርዝ ይበተናል። ለ1 ሜትር 1 ሚሊ ሜትር፣ ለ5 ሜትር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይስማማል። የ5 ሜትሩ ግን ጨለማ ክፍል ይፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ምድርን የምታህል ነጠብጣብ ከፀሐይ ወርድ 1/109 ብቻ ስለሆነች አትታይም፤ በጣም ግዙፎቹን ብቻ ጠብቅ። ቀዳዳው ለግርዶሽ ጥሩ ነው፣ ለነጠብጣብ ሌንስ ያስፈልጋል።

መልስ 2፦
ትክክል። 10×50 ባይናኩላር (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ካለ ትራይፖድ ላይ እሰረው፤ አንዱን የፊት ሌንስ ክደነው። ከዓይን ሌንሱ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነጭ ወረቀት ብታስቀምጥ 4.6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምስል ይወጣል፤ ከ5 ሜትሩ ቀዳዳ ጋር እኩል፣ ጥራቱ ግን አይወዳደርም። ፀሐይን ለማግኘት በባይናኩላሩ ውስጥ በፍጹም አትመልከት! ወረቀቱ ላይ የሚጥለውን ጥላ እያየህ አዙረው፤ ጥላው በጣም ባነሰበት ቅጽበት ፊቱ ወደ ፀሐይ ነው። ከዚያ የምስሉ ጠርዝ ስል እስኪሆን የትኩረት ማስተካከያውን አሽከርክር። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በባይናኩላር ማየትም ያሳውራል፤ ሌንሱ ያጠራቀመው ብርሃን መነጽሩን አቃጥሎ ያልፋል።

መልስ 3፦
ሙቀቱን አትርሱ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚገባው ብርሃን የውስጡን ፕላስቲክና የሌንስ ማጣበቂያ ሊያበላሽ ይችላል። 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ካርቶን ፊቱ ላይ ብትለጥፍበት ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በየሁለት ደቂቃው ፊቱን አዙረህ አሳርፈው። ልጆች ካሉ ለአፍታም ትተኸው አትሂድ።

ያየኸው ጥቁር ነጥብ አቧራ ይሁን ነጠብጣብ ለመለየት ባይናኩላሩን ሳትነካ ጠብቅ፤ ምድር ስለምትዞር ፀሐይ በ2 ደቂቃ የራሷን ወርድ ያህል ትንሸራተታለች። ነጠብጣቡ አብሯት ይሄዳል፣ አቧራው ባለበት ይቀራል። የፀሐይ ጠርዝ ከመሀሏ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ የመሣሪያህ ጉድለት አይደለም፤ ከዚያ የሚደርሰን ብርሃን ከላይኛውና ከቀዝቃዛው ንብርብር ስለሚመጣ ነው።

ክብ ሥለህ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ምልክት አድርግ፤ ሰዓቱ ከተለያየ ምስሉ ስለሚዞር ሥዕሎቹ አይገጥሙም። አንድ ነጠብጣብ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመሻገር 2 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ጋሊሊዮም በ1612 ፀሐይ በራሷ ዛቢያ እንደምትዞር ያስረዳው በእንዲህ ዓይነት ተከታታይ ሥዕሎች ነው።