ለሰፈር ውድድራችን አዲስ መግቢያ ሙዚቃ፦ ደሴ ይቀረጽ ወይስ ኮምቦልቻ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችንን የክረምት ውድድር እየቀረጽን ዩቲዩብ ላይ እንለቃለን። መግቢያ ሙዚቃው ስለቆየ ኮሚቴው ይቀየር ብሏል። ማሲንቆና ኪቦርድ አብሮ አጥርቶ የሚቀርጽ ስቱዲዮ የት አለ? ዋጋውንም ብትነግሩን።

የሆጤ ልጅ፦ ለምን ትቀይሩታላችሁ? ያ ሙዚቃ ሲከፈት እናቴ እንኳ ከጓዳ ሆና «ኳሱ ጀመረ?» ትላለች። አትንኩት!

ከኮምቦልቻ፦ ስቱዲዮ ላይ ተጠንቀቁ። ስሙን አልጠራም፤ ለሱቃችን ማስታወቂያ ሙዚቃ አሠርተን ነበር። ቀብድ ተቀብሎ ነገ ዛሬ እያለ አመላለሰን። መጨረሻ ላይ የሰጠን ኪቦርዱ ላይ ተጭኖ የመጣውን ምት ነው። ያንኑ ደግሞ የሰው ሰርግ ቪዲዮ ላይ ሰማነው! ስንጠይቀው «የእናንተ ብቻ ነው ብያለሁ?» አለን።

አራዳ፦ የኔም ቀብድ ተበልቷል። የእህቴ ሰርግ ቪዲዮ እስካሁን አልመጣም።

ሸዋ በር፦ ስፒከር ከሆነ ፒያሳ ዞር ዞር በሉ፤ አስከፍታችሁ ሳትሰሙ እንዳትገዙ።

የሆጤ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ስፒከር ማን ጠየቀ? ማንበብ እኮ አይከፈልበትም።

ድምፅ ወዳድ፦ ቀብድ ሳትከፍሉ ተፈራረሙ፤ ሙዚቃው የማን እንደሆነም ይጻፍ። የካናዳው ቴሌቪዥን ሲቢሲ የሆኪ ስርጭቱን ከ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ጀምሮ በዶሎረስ ክላማን ሙዚቃ ይከፍት ነበር። በ2008 ሲቢሲና የሙዚቃው ባለመብት በመጠቀሚያ ፈቃዱ ላይ መስማማት አቃታቸው፤ ሙዚቃውን ተፎካካሪው ሲቲቪ ገዛው። ሲቢሲ ለሕዝብ ውድድር አውጥቶ ሌላ መረጠ። አርባ ዓመት የተለመደ ዜማ በወረቀት ምክንያት ሄደ! መቀየር ግን ሁሌ ጉዳት አይደለም። የቢቢሲው የእግር ኳስ ፕሮግራም ማች ኦፍ ዘ ዴይ በ1964 ሲጀምር ሌላ ሙዚቃ ነበረው። ዛሬ ሰው የሚወደው የባሪ ስቶለር ዜማ የገባው በ1970 ነው። የሻምፒዮንስ ሊጉንም ቶኒ ብሪተን በ1992 የሠራው ከሃንደል የዘውድ በዓል መዝሙር ተነስቶ ነው። እኛ ወሎ ሆነን ባቲና አምባሰል እያሉልን ከየት እንፈልጋለን? የድሮውን ዜማ ያዙት፤ በማሲንቆ አድሱት።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔ ፒያሳ ያለው ልጅ ጋ ሂዱ ነው የምለው። ሌላ ቦታ ሄጄ አላውቅም፣ አልሄድምም። ወላሂ እሱን የሚያክል የለም።

ከኮምቦልቻ፦ እሱም ቢሆን ያስፈርሙት።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልን። ማሲንቆ የሚጫወት የምታውቁ አላችሁ?

አራዳ፦ አጎቴ ጎበዝ ነው፤ ባቲ ነው የሚኖረው። ሰኞ ገበያ ስለሆነ አይመቸውም፤ በሌላ ቀን ደሴ ይመጣል። ኢንቦክስ አድርገኝ።