12ኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ሂሳቤ ግን 9ኛ ላይ ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ?

የሰባ ደረጃዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ12ኛ ናቹራል ተማሪ ነኝ። በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ አልታማም፤ ኬሚስትሪም ደህና ነው። ሂሳብ ግን ጉድ ነው። ባለፈው ሚድ ከ30 ያመጣሁት 7 ነው፤ ከ7ቱም 3ቱ በግምት።

ነገሩ የቆየ ነው። ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ 6ኛ ክፍል ነበርኩ። 10ኛ ላይ ደግሞ የሂሳብ መምህራችን ኅዳር ላይ ሄደ፤ ምትክ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። ሎጋሪዝምን እስከ ዛሬ በስም ብቻ ነው የማውቀው። አስጠኚ አፈላልገን ነበር። እማዬ ጊዮርጊስ በር ላይ ጧፍ ትሸጣለች። ዋጋውን ስትሰማ ዝም አለች፣ እኔም ደግሜ አላነሳሁትም።

ፋርማሲ ነው የምፈልገው። በዚህ ሂሳብ ይሆናል ወይስ ራሴን እየሸወድኩ ነው?

ቀለሜው፦
ሶሻል ብትገቢ ይሻልሽ ነበር።

የሰባ ደረጃዋ፦
እሱ 11ኛ ላይ አለቀ እኮ። ደሞ ሶሻልም ሂሳብ አለው።

የሪሚዲያል ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ የ2014 ተፈታኝ ነኝ። ያኔ ከ100 ሰው ያለፈው 3 ገደማ ነው። ሂሳብ 22 አምጥቼ፣ ላላለፉ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ በሪሚዲያል ገባሁ፤ አሁን 3ኛ ዓመት ነኝ።

መጀመሪያ እናስላው። ብሔራዊ ፈተናው 6 ትምህርት ነው፣ ከ600። ማለፊያው 300። የሚታየው ድምሩ ነው፤ ሂሳብን ለብቻው 50 አምጪ የሚልሽ የለም። ሂሳብ 20 ብታመጪ እንኳ ከሌሎቹ በአማካይ 56 ይበቃሻል። ፋርማሲ ግን ፉክክር አለው፤ ማለፍ ብቻውን አያስገባም።

ሪሚዲያል ላይ አንድ የሊሚት ጥያቄ ግማሽ ሌሊት አስቀምጦኛል። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ለኤክስ ሲቀነስ 3 ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ስንት ነው? 3ን ስተካ ዜሮ ለዜሮ ይሆንብኛል። የዶርም ጓደኛዬ መጣና የላይኛውን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርጎ ጻፈው፦ (ኤክስ ሲቀነስ 3) ሲባዛ በ(ኤክስ ሲደመር 3)። አንዱ ከታችኛው ጋር ተጣፋ፣ መልሱ 6። ሊሚቱን እኮ አውቀው ነበር! የጎደለኝ ፋክተራይዝ ማድረግ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ነገር።

ስለዚህ የ12ኛውን መጽሐፍ ለጊዜው ዝጊው። ከክፍልፋይ ተነሺ፤ ከዚያ ፋክተራይዜሽን፣ ኳድራቲክ፣ ኤክስፖኔንት፣ መጨረሻ ላይ ያ የፈራሽው ሎጋሪዝም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አጠገብሽ ነው፣ በነጻ ነው፤ በጠዋት ካልሄድሽ ግን ወንበር አታገኚም። ካልኩሌተር አትልመጂ፤ ፈተናው ላይ ይዘሽ አትገቢም።

ጡረተኛው መምህር፦
የልጁ ምክር ደግ ነው። «ሂሳብ 20 ብታመጪ» የምትለዋ ግን አልተዋጠችልኝም። ሂሳብ በሂሳብ ፈተና ብቻ አይመጣም፣ ልጄ። ኳድራቲክ የማይፈታ ተማሪ፣ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ በስንት ሴኮንድ መሬት ትደርሳለች ሲባል ምን ሊሆን ነው? ኬሚስትሪ ላይ ያለው የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤች፣ ራሱ ሎጋሪዝም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽም ፍሬሽማን ላይ ሂሳብ ይጠብቅሻል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ካሰብሽ ደግሞ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው።

የሰባ ደረጃዋ፦
ጋሼ፣ የፒኤቹ ነገር ገርሞኛል! ለካ እስከ ዛሬ ስሸመድደው የነበረው እሱን ነው። ኬሚስትሪ ደህና ነው ያልኩትን አንስቻለሁ።

የ9ኛውን መጽሐፍ ከታናሽ ወንድሜ ተዋስኩ። ትላንት 20 ጥያቄ ሠርቼ 11 አገኘሁ። ያረመኝ እሱ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ። ከሥር «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብሎ ጽፎበታል።