ለፋሲል ከነማ የሜዳ ጨዋታ፦ ከበሮ፣ አዝማሪና ትልቅ ጨርቅ ጎንደር ላይ እንዴት ይዘጋጅ?

ማራኪ_ደጋፊ፦
ሰላም የአገሬ ልጆች። ከጎንደር ማራኪ ሰፈር የተሰባሰብን ወደ 60 የምንጠጋ የአፄዎቹ (የፋሲል ከነማ) ደጋፊዎች ነን። ለቀጣዩ የሜዳችን ጨዋታ ሁለት ከበሮ፣ አንድ አዝማሪ እና ከጭንቅላት በላይ የሚዘረጋ 10 በ6 ሜትር የሚሆን ቀይና ነጭ ጨርቅ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ሁሉንም እዚሁ ጎንደር ማሠራት ነው ሐሳባችን፣ ከአዲስ አበባ የታተመ ማስመጣት አንፈልግም። ከየቱ እንጀምር? ምን ይበላሻል? ሥራውን የምታውቁ ንገሩን።

ጠፍርና_ዋንዛ፦
ከከበሮው ጀምሩ። ጨርቅ በሁለት ቀን ይሰፋል፣ አዝማሪ በአንድ ስልክ ይገኛል፣ ቆዳ ግን አይቸኩልላችሁም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዘዙ።

ቀፎው ከዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀላል ነው፣ ድምፁም ሞላ ይላል። ከላሜራ የተሠራው ርካሽ ቢሆንም ይንጫጫል፣ ትከሻም ይቆርጣል። ለትልቁ አፍ የበሬ ቆዳ፣ ለትንሹ የፍየል ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፦ ለነጋዴ የተዘጋጀ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ አትግዙ። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ከበሮው ደርቆ ከተወጠረ በኋላም ደመና በመጣ ቁጥር ይላላል። ጨው ካለበት ሌላ ካልተገኘ ውሃው እየተቀያየረ በደንብ ይታጠብ። ትኩስ ቆዳ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ፀጉሩ ይፋቃል፣ እርጥብ እንዳለ ቀፎው ላይ ይወጠርና በጠፍር ይጠለፋል። ጠፍሩም ርሶ መሆን አለበት፣ ሁለቱ አብረው ሲደርቁ ነው የሚጠባበቁት። ከዚያ አራት አምስት ቀን ጥላ ሥር። ሠሪውን «ቶሎ በልልን» ካላችሁት ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፤ ያኔ ላዩ ቀድሞ ይኮማተርና ጠፍሩ በገባበት ቀዳዳ ላይ ይቀደዳል። ስትረከቡ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣት ዳስሱ።

ማንገቻው ሰፊ ይሁን፣ አራት ጣት ያህል። ቀጭን ገመድ ከእረፍት በፊት አንገት ይልጣል።

ከደብር ከበሮ እንዋስ የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሱ ንዋየ ቅድሳት ነው፣ ለስታዲየም አይጠየቅም።

ሰልፍ_ባንድ፦
በቆዳው ላይ ትንሽ ልለይ። ጨዋታው መስከረም መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ከሆነ የጎንደር ከሰዓት ዝናብ አይታመንም። አንዱን የቆዳ፣ ሌላውን የፕላስቲክ አፍ ያለው የማርሽ ከበሮ አድርጉት። የፕላስቲኩ ድምፅ ደረቅ ነው፣ እስማማለሁ፤ ግን ቢዘንብም ይመታል። ለቆዳው ላስቲክ ይዛችሁ ግቡ። ከላላ ጨርሶ አትምቱት፤ በላላ ቆዳ ላይ በኃይል ሲመታ መሃሉ ይለጠጥና ዳግም አይመለስም። ፀሐይ ከወጣ አሥር ደቂቃ ማሞቅ ይበቃል። ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት የሚባለው ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠብቀውም።

ከበሮው ራሱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ችግር ግን ይበልጣል፦ ጭብጨባው ይበታተናል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ከበሮው አንድ ዳር ቢቀመጥ 100 ሜትር ርቆ ያለው ሰው ምቱን የሚሰማው ከሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ብትመቱ በሁለት ምት መካከል ያለው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ወዲያኛው ዳር ከግማሽ ምት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ያ የእሱ ጭብጨባ ደግሞ ዞሮ ወደ እናንተ ሲመጣ ጭራሽ ሌላ ዘፈን ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱም ከበሮዎች ከደጋፊው መሃል፣ ከታች በኩል፣ ጎን ለጎን ይሁኑ። ከፊታቸው አንድ መሪ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ እጁን ከፍ ዝቅ ያድርግ፤ ሰው የሚያጨበጭበው በጆሮው ሳይሆን እጁን እያየ ይሁን። ምቱንም ዘገም አድርጉት። ችክችካ አጠገባችሁ ላለው ሰው ደስ ይላል፣ ለሩቁ ግን ተንጋግቶ ነው የሚደርሰው።

መቺዎቹ በየ15 ደቂቃው ይቀያየሩ። አንድ ሰው 90 ደቂቃ ከመታ ከ60ኛው በኋላ ምቱ ይፈጥናል፣ እሱ ራሱ አይታወቀውም።

ማሲንቆ_ቤት፦
ስለ አዝማሪው እኔ ልመልስ። በጨዋታው መሃል አዝማሪ አይሰማም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ያለው፣ ለቤት ውስጥ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አሥር ሰው ካጨበጨበበት ይዋጣል። አዝማሪውን ከጨዋታው በፊት፣ ሰው ሲሰባሰብ፣ ከስታዲየም ውጭ አሠሩት። ግጥሙን ያስጠናል፣ ሰው ይቀበላል፣ ውስጥ ስትገቡ ግጥሙን ከበሮው ይዞት ይሄዳል።

ድምፅ ማጉያ ካስፈለገ ባትሪ ያለው ሞንታርቦ ይበቃል። ማይኩ ከማሲንቆው ቆዳ አንድ ጣት እርዝማኔ ያህል ይራቅ፤ ከነካው ይንኳኳል። ሞንታርቦው ከአዝማሪው ፊት ለፊት፣ ወደ ሕዝቡ የዞረ ይሁን። ከኋላው ካደረጋችሁት ማይኩ የራሱን ድምፅ ይሰማና ያፏጫል። አዝማሪውን ከመጀመሩ በፊት ጠራራ ላይ አታቁሙት። የማሲንቆው ቆዳ በፀሐይ ይጠብቅና ቅኝቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ጥላ ሲሆን ደግሞ ይወርዳል፤ ሥራው ሁሉ መቃኘት ይሆናል።

ለማግኘት፦ ፒያሳ አካባቢ ያሉ የባህል ቤቶችን ጠይቁ። በአዝማሪዎቿ የምትታወቀው ቡርቧክስም ከጎንደር ሩቅ አይደለችም። ሌሊቱን ሲሠሩ የሚያድሩ ስለሆኑ ጠዋት አትደውሉ። ዋጋውን ቁርጥ አድርጉ፣ ግማሹን ቀብድ ስጡ፣ ሽልማቱ ከዋጋው ውጭ መሆኑንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አለበለዚያ ሲቋጭ ክርክር አለ።

ግጥሙን ከሦስት ቀን በፊት አድርሱለት። ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ሆኖ ቤት የሚመታ ከሆነ ወዲያው ይይዘዋል። ለምሳሌ፦
ፋሲል ግንብ ገነባ ድንጋዩን በኖራ
ልጆቹ በኳሱ አስጠሩት በተራ
ሰምና ወርቅ አትድከሙበት፤ ሜዳ ላይ ወርቁን ማንም አይሰማውም። «ተቀበል» ብሎ ከሕዝቡ መሃል ተጋጣሚን የሚሰድብ ስንኝ የሚወረውር አይጠፋም። አዝማሪው እንዳይቀበለው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በደጋፊ ስድብ የሚቀጣው ክለቡ ነው።

የቅዳሜ_ገበያ_መኪና፦
ጨርቁን በተመለከተ። አቡጀዲ አይሁን። ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፣ ሲታጠብ ይሸበሸባል። ቀለል ያለ ፖሊስተር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነውን ግዙ። 10 ሜትር እየተቆረጠ አራት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲሰፋ 6 ሜትር ትንሽ ጎደል ይልላችኋል፣ ስፌቱ የሚበላው አለ። መሃል ሁለቱን ቀይ፣ ላይና ታቹን ነጭ አድርጉ። ቀይ 20 ሜትር፣ ነጭ 20 ሜትር። ባለ ተለዋጭ መስመር ብታደርጉት ጽሑፉ ይጠፋል።

ጽሑፉን በቀለም አትጻፉ። የዘይት ቀለም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ተጠቅልሎ ሲቀመጥም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ፊደሉ ከነጭ ጨርቅ ይቆረጥና ቀዩ ላይ ይሰፋ። «አፄዎቹ» አራት ፊደል ነው። እያንዳንዱን 2 ሜትር ቁመት፣ 1.5 ሜትር ወርድ አድርጉ፣ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር ተዉ። 7.5 ሜትር ይይዛል፣ ግራና ቀኝ 1.25 ይተርፋል። ለፊደሎቹ ተጨማሪ 8 ሜትር ነጭ። የፊደሉ ውፍረት ከ30 ሳንቲም አይነስ፤ ከቀጠነ ከማዶ ሲታይ ክር ነው የሚመስለው። ዙሪያው በዚግዛግ ይሰፋ።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ስፌቱ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ይሂድበት፣ ነፋስ የሚቀደው ስፌት ላይ ነው። ጠርዙን ዙሪያውን አጥፋችሁ ውስጡ ገመድ አስገቡ፤ ያለ ገመድ ሰው ጨርቁን ራሱን ይዞ ይጎትትና ማዕዘኑ ይተረተራል። አንድ ሰው ብቻውን በአንድ መኪና የሚሰፋው ሥራ አይደለም፣ ሁለተኛው ጨርቁን መያዝ አለበት። ዋጋ ስትጠይቁ የሁለት ሰው ቀን ብላችሁ አስቡ።

ማራኪ_ደጋፊ፦
ወንድሞቼ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ብቻ፦ ለጨርቁ መስቀያ ሸንበቆ ይዘን መግባት እንችላለን? ደግሞ ጨርቁን ስንት ሰው ይዘረጋዋል?

ሰልፍ_ባንድ፦
ዱላ ነክ ነገር በር ላይ ይወሰድባችኋል፣ ሸንበቆም ብረትም ተዉት። ርችትና ጭስማ ጨርሶ። ከበሮውንና ጨርቁን በደጋፊ ማህበሩ በኩል ቀድማችሁ አስመዝግቡ፣ በር ላይ በሰዓቱ ልታስረዱ አትሞክሩ። ለመዘርጋት ዙሪያው 32 ሜትር ነው፣ በየሜትሩ አንድ ሰው ካላችሁ አይወድቅም። አኮርዲዮን እንደሚታጠፈው አጣጥፋችሁ ከላይኛው ረድፍ አስጀምሩና ወደ ታች ይውረድ። ኳስ ከመጀመሩ በፊት ዘርጉት፣ ሲጀመር ሰብስቡት፤ ከሥሩ ያለው ሰውም ጨዋታ ማየት አለበት።