የመኪና ቀለም ውስጥ የተሰገሰገ የብረት ፍንጣሪ በምን ይለቃል?

ከግቢያችን አጥር ማዶ በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ተከፍቷል። ብረት ሲቆርጡ የሚበረው ፍንጣሪ አጥሩን ዘልሎ ነጭ መኪናዬ ላይ ያርፋል። ኮፈኖውና ጣሪያው አሁን በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ላቫጆ ወስጄ በሳሙና ቢታሽም ንቅንቅ አላለም፤ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል። ፍንጣሪው እንደጋለ ስለሚያርፍ ላይኛውን ግልጽ ሽፋን አቅልጦ ይገባል፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይዝጋል።

አንድ የባትላሜራ ባለሙያ «በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን እንደገና እንቀባዋለን» አለኝ። ደህና የፋብሪካ ቀለም እያለ? አይሆንም!

አሞኒየም ታዮግላይኮሌት የሚባል ኬሚካል ያለበት ብረት አሟሚ ፈሳሽ እንዳለ አውቃለሁ። ብረቱን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፤ በጥላ ሥር፣ ባልጋለ ቀለም ላይ ተነፍቶ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ በጥልቀት ለገባው ፍንጣሪ ፈሳሹን ደጋግሞ መንፋት ይበቃል? ወይስ እንደ ሊጥ የሚለነቀጠውን የቀለም ማጽጃ ሸክላ ማስከተል ያስፈልጋል? ሸክላው ወደ ላይ የወጣውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ሥሩን ቢተወው ዝገቱ ተመልሶ ይመጣል ብዬ እፈራለሁ። የተነቀለው ብናኝ ሸክላው ላይ ተጣብቆ ቀለሙን ቢጭረውስ?

ዝገት በሚያስለቅቀው ኦክሳሊክ አሲድ የሞከረ ካለ ምን ያህል እንዳቀጠነውና የጎማ ማሸጊያዎቹን እንዴት እንደከለለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ብረት አሟሚውን ፈሳሽ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገኘ ሰውስ አለ?