ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ አማርኛው ጠፋ፣ እባካችሁ ቶሎ!

የ4 ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም ቸኩያለሁ። የአባቴን ላፕቶፕ ሜክሲኮ አካባቢ ፎርማት አስደርጌ ትናንት ማታ ተቀበልኩ። ፋይሎቹን ቀድሜ በፍላሽ አውጥቻቸው ነበር። አሁን የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ስከፍተው ዝብርቅርቁ ወጥቷል። 38 ገጽ ነው! አባቴ የእድሩ ጸሐፊ ነው። እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፣ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቫይረስ ነው አይደል? ስካን እያደረግኩ ነው።

ፒያሳ ማዶ፦
ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ጫኚ። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብለሽ ፈልጊ። ከዝርዝሩ ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሪ። ኢንተርኔት ብቻ ይኑርሽ።

ካዛንቺስ፦
ቫይረስ ነው ያለሽ ማነው? እንግሊዝኛውን ትቶ አማርኛ መርጦ የሚበላ ቫይረስ አላየሁም። ስካኑ ሰዓትሽን ነው የሚበላው። አንቺም ፋይሉ ተበላሸ ብለሽ አትነሺ። ፋይሉ ምንም አልሆነም፣ የሚያነበው ነገር ነው የጎደለው።

መምህሩ፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ብትረጂው ሌላ ቀንም ይጠቅምሻል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር አልነበረውም። ሶፍትዌር የሚሠሩት ሰዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ኮምፒውተሩ የላቲኑን «ኤ» ያስቀምጣል፣ ፎንቱ ግን «ሀ» ወይም ሌላ አድርጎ ያሳያል። ሁሉም በየራሱ አቀማመጥ ነበር የሚሠራው። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም በድሮው የቀጠለ ብዙ መሥሪያ ቤት አለ። ስለዚህ ወረቀት ስናስጽፍ በምን እንደተጻፈ መጠየቅ ይገባናል። ቅጂም ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

የ4 ኪሎዋ፦
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን አሁን ምን ላድርግ?

ቁልፍ ሰሌዳ፦
እህቴ፣ «ዝብርቅርቅ» ስትዪ ምን ዓይነት? ባዶ ሳጥን ነው ወይስ የፈረንጅ ፊደል? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ሳጥን ከሆነ ኒያላ ይፈታዋል። የፈረንጅ ፊደል ከሆነ አይፈታውም።

የ4 ኪሎዋ፦
የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ከነቅንፉ ከነምልክቱ። ኒያላ ጫንኩ። ሁሉንም መርጬ ፎንቱን ኒያላ አደረግኩት፣ ያው ነው። የሚገርመው የመጨረሻዎቹ 3 ገጾች ደህና ናቸው። እነሱን አባቴ አምና ነው የጨመራቸው።

ቁልፍ ሰሌዳ፦
ሴቭ እንዳታደርጊ!! አሁኑኑ ኮንትሮል ዜድ ምቺ፣ ወይም ሳታስቀምጪ ዝጊውና ፍላሹ ላይ ያለውን ክፈቺ። በድሮዎቹ ፎንቶች ሁሉም ፊደል አንድ ፎንት ላይ አይበቃም ነበር፣ ከ300 በላይ ነዋ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ለሁለትና ከዚያ በላይ ተከፋፍለዋል። ሁሉንም ወደ አንድ ከቀየርሽና ካስቀመጥሽ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደነበር መረጃው ይጠፋል። ያኔ እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

አሁን የተበላሸው መስመር ላይ ክሊክ አድርጊና ዎርድ ላይ፣ ከላይ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሳጥን እዪ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙን ይነግርሻል። ምን ይላል?

ፒያሳ ማዶ፦
ኒያላውን ከጫንሽ በኋላ ሪስታርት አድርገሻል? ሪስታርት አድርጊና ሞክሪ።

የ4 ኪሎዋ፦
ቪዥዋል ግዕዝ የሚል አለበት። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መጨረሻው የተለየ ሌላ ስም ይላል።

የድሮ ታይፒስት፦
ውይ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ የድሮው የአማርኛ መጻፊያ! ፖስታ ቤቱ አጠገብ ስንት ዓመት በእሱ ጽፌአለሁ። አትደንግጪ የኔ ልጅ፣ አንድም ፊደል አልጠፋብሽም። የጎደለው ፎንቱ ነው። የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ለገሀር ነኝ፣ በፍላሽ እሰጥሻለሁ። ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምትጭኚው፣ አንዱን ብቻ ከጫንሽ በሌላው ስም የተጻፈው እንደተበላሸ ይቀራል።

ካዛንቺስ፦
እንደ አዲስ በዩኒኮድ ብታስጽፊው አይሻልም? መጪው ዓመትም ይኸው ነው ችግርሽ።

የድሮ ታይፒስት፦
ይሻላል። ግን 38 ገጽ እስከ 10 ሰዓት ማን ይጽፈዋል? ለዛሬ ይታተምላት።

ቁልፍ ሰሌዳ፦
እትዬ ትክክል ናቸው። ግን ለገሀር ድረስ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር እዪ። ብዙ ጊዜ «ፎርማት» ይባላል እንጂ አዲሱ ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ነው የሚጫነው። ሲ ድራይቭን ክፈቺ። ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚል ፎልደር ካለ አሮጌው ሲስተም እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ግቢበት፣ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ። ፈቃድ ከጠየቀሽ ኮንቲኒው በዪ። የቪዥዋል ግዕዞቹን ሁሉ ምረጪ፣ ራይት ክሊክ፣ ኢንስቶል። ከዚያ ዎርድን ዘግተሽ ክፈቺ። ፎልደሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱ ሊጠፋ ስለሚችል ፎንቶቹን ፍላሽ ላይም ገልብጪ።

የ4 ኪሎዋ፦
አለ!!! ፎልደሩ አለ! እየጫንኩ ነው።

የድሮ ታይፒስት፦
ተመስገን። ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ግን ዎርዱን እንዳትወስጂ። እነሱ ጋ ፎንቱ ከሌለ እዚያም ይዘበራረቃል። ሴቭ አዝ ብለሽ ፒዲኤፍ አድርጊው። ከዚያ የአባላት መዋጮ ያለበትን አንቀጽ በዓይንሽ አንብቢው፣ ቁጥር ላይ ስህተት እንዳይኖር።

መምህሩ፦
ልጄ፣ ታተመልሽ?

ቦሌ መንገድ፦
ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ፎቶሾፕ ላይ አማርኛ ስጽፍ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚመጣው።

ቁልፍ ሰሌዳ፦
ያንተ ሌላ ነው ወንድሜ። የመረጥከው ፎንት አማርኛ የለውም።

ፒያሳ ማዶ፦
ኒያላ ጫንና እሱን ምረጥ።