አንዱ ጡት ሲወጠር፣ ሌላው ሲያንስ፦ የአምስት ሳምንት ሕፃን እናት ጥያቄና የተሰጧት መልሶች

ጥያቄ

ልጄ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ከጡት ወተት በቀር ሌላ ነገር አልቀመሰም። ያስቸገረኝ የሁለቱ ጡቶቼ አለመመጣጠን ነው። ቀኙ በተለይ ሌሊት እየተወጠረ ይጠነክራል፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ በብብቴ በኩል ያለው ጎኑ ሲነካ ያመኛል፣ ጫፉም ስለሚለጠጥ ልጁ ሊጎርሰው ሲሞክር ያመልጠዋል። እንደ ምንም ከያዘው ደግሞ ወተቱ በኃይል ስለሚመጣበት ትን ይለውና ለቆት ያለቅሳል። ግራው በአንጻሩ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፤ ልጁ ጥቂት ከጠባ በኋላ ይነጫነጭበታል፣ በማለቢያ ሳልበውም የቀኙን ግማሽ ያህል እንኳ አይወጣውም። ሕመሙን ለማስታገስ ካጠባሁ በኋላ ሁሉ ቀኙን ጨርሶ እስኪለሰልስ ድረስ አልበዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ተመልሶ ይወጠራል። ትኩሳት የለኝም፤ የልጁም ክብደት በክትትል ላይ ሲለካ በጥሩ ሁኔታ እየጨመረ መሆኑ ተነግሮኛል። ቀኙን እንዴት ላርግበው? ግራውንስ ወተቱን እንዴት ላብዛው? በመካከሉ ልጁ የሚበቃውን እያገኘ መሆኑን በምን ልወቅ? ልምድ ወይም ሙያ ያላችሁ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የጡቶች አለመመጣጠን አያስደንግጥሽ፤ ሦስቱንም ልጆቼን ሳጠባ ግራዬ ይበልጥ ነበር፣ እስከ መጨረሻውም ሙሉ በሙሉ እኩል አልሆኑልኝም፤ ልጆቹ ግን ጠግበው አድገዋል። እኔን የረዳኝ ማጥባትን ሁልጊዜ ከሚያንሰው ጡት መጀመር ነው፤ የተራበ ሕፃን መጀመሪያ ያገኘውን ጡት አጥብቆ ይስበዋልና። ለውጥረቱ ደግሞ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ደጋግሜ አስቀምጥ ነበር፤ የጠጠረውንም ቦታ ጠበቅ አድርጌ አሸውና እስኪያልቅ አልበዋለሁ። አንቺም ብትሞክሪው ይቀልልሻል ብዬ አስባለሁ።

መልስ፣ ከአዋላጅ ነርስ

ከሚያንሰው ጡት መጀመር የሚለው የእህታችን ምክር ትክክል ነው። ሙቀቱን፣ ማሸቱንና እስኪያልቅ ማለቡን በተመለከተ ግን ከእርሷ ጋር አልስማማም። እነዚህ ለረጅም ዘመን ሲመከሩ ቢቆዩም፣ የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ የተባለው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ አጥብቆ ማሸትም ሆነ ከመጠን በላይ ማለብ እብጠቱን እንደሚያባብስ ገልጾ በምትካቸው ቅዝቃዜን መክሯል።

ምክንያቱን ለመረዳት ወተት እንዴት እንደሚመረት ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወተቱ መምጣት በአብዛኛው የሚመራው በሆርሞን ነው፤ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በድንገት ይቀንስና ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሁለቱም ጡቶች ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ጡት ለብቻው ራሱን መቆጣጠር ይጀምራል። ወተት ሳይወጣ ሲቆይ በውስጡ የሚጠራቀም ፕሮቲንና የሚፈጠረው ግፊት አንድ ላይ ሆነው በዚያ ጡት ያለውን ምርት ያዘገዩታል፤ ወተቱ ተጠርጎ ሲወጣ ደግሞ ምርቱ ይፋጠናል። ስለዚህ ቀኝ ጡትዎን በየጊዜው እስኪለሰልስ ሲያልቡት፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ሕፃናት እንደሚጠቡት እየነገሩት ነው፤ እርሱም የታዘዘውን ያህል ይሠራል።

ማለቡን ግን በአንድ ጊዜ አያቁሙ። የለመደ ጡት በድንገት ሲተው ወተቱ ታምቆ ወደ ጡት ብግነት ሊያመራ ይችላል። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ የሚያልቡትን መጠን ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ይሂዱ፤ ባዶ ለማድረግ ሳይሆን ሕመሙ ሲቀልልዎ ለማቆም ይለቡ። ለዚህ ከማለቢያ መሣሪያው ይልቅ እጅ ይሻላል፣ የት ላይ እንደሚቆም ይታወቃልና። አውራ ጣትዎን ከላይ፣ ጠቋሚ ጣትዎን ከታች አድርገው ከጡቱ ጫፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ያሳርፉ፤ መጀመሪያ ወደ ደረትዎ ገፋ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ጣቶች ወደ አንድ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ያድርጉ። ጣቶቹ በቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም። ማለቡ የሚያም ከሆነ የጣቶቹን ቦታ ይለውጡ።

ልጁ ጡቱን ለመጉረስ የሚቸገረው በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፍል በፈሳሽ ስለሚወጠር ነው። የሚያብጠው በወተት ብቻ አይደለም፤ ወደ ጡቱ የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ በሕብረ ሕዋሱ መካከልም ውኃ ይቋጠራል። ከማጥባትዎ በፊት የሁለቱን እጆችዎን ጣቶች በጡቱ ጫፍ ግርጌ ዙሪያ አሳርፈው ቀጥ ብለው ወደ ደረትዎ ለአንድ ደቂቃ ያህል በለዘብታ ይጫኑ፤ ጥፍርዎ ያጠረ ይሁን። ጀርባዎን አስደግፈው ጋደም ብለው ቢያደርጉት ፈሳሹ ወደ ኋላ ለመሸሽ ይቀለዋል። ጣቶችዎን ሲያነሡ ትናንሽ ጉድጓዶች ቀርተው ካዩ ቦታው ለስልሷል ማለት ነው፤ ተመልሶ ሳይሞላ ልጁን ወዲያው ያስይዙት። እብጠቱ የበዛ ከሆነ መጫኑ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ከጠባ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡበት፤ በረዶ ራቁቱን ቆዳ ላይ አይውል። ሙቀት የሚያስፈልግዎ ወተቱ አልወርድ ሲል ብቻ ነው፤ እርሱም ሊያጠቡ ሲሉ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መዳሰስ ከፈለጉ ቆዳን ብቻ እንደሚነካ እጅ ከጡቱ ወደ ብብት እጅግ በቀስታ ይሁን። ለሕመሙ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን ለሚያጠቡ እናቶች የሚፈቀዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ አይቡፕሮፌን እብጠቱንም ይቀንሳል። ሆኖም የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ የደም ግፊት ወይም አስም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ጡትን ጠበቅ አድርጎ ማሰር አይመከርም፤ የሚደግፍ ነገር ግን የማያጣብቅ የጡት መያዣ ይልበሱ።

ከጠያቂዋ

እጅግ አመሰግናለሁ። የመጫኑን ዘዴ ዛሬ ጠዋት ሞክሬው ልጁ ቀኙን በመጀመሪያው ሙከራ ያዘው። አንድ ነገር ልጨምር። አንዲት ዘመዴ ለሦስት ሰዓት ያህል አንዱን ጡት ብቻ፣ ቀጥሎ ለሦስት ሰዓት ሌላውን ብቻ እያፈራረቅሁ እንዳጠባ መክራኛለች። ለእኔ ይሆናል ትላላችሁ?

መልስ፣ ከጡት ማጥባት አማካሪ

ዘመድዎ የነገሩዎ ዘዴ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን የሚያገለግለው የሁለቱም ጡቶች ወተት ከልክ በላይ ለሆነባት እናት ነው። እርስዎ ዘንድ አንዱ በዝቶ ሌላው አንሷል፤ ግራውን ለሦስት ሰዓት ሥራ ፈት ማድረግ ያለውንም ያስቀርበታል። ለዚያኛው ችግርም ቢሆን ያለ ባለሙያ ክትትል ባይሞከር እመርጣለሁ፤ ወተት ከሚገባው በላይ ሊቀንስ ይችላል።

በግራ ይጀምሩ፤ መዋጡ ሲቀንስና ልጁ መነጫነጭ ሲጀምር ጡቱን በመዳፍዎ ሙሉ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ጨመቅ ያድርጉት፣ ፍሰቱ ሲበረታ መልሶ መዋጥ ይጀምራል። መጭመቁም የማይረዳ ሲሆን ወደ ቀኝ ያዛውሩት፤ ሊጨርስ ሲል ደግሞ በግራ ይቋጩለት፤ በዚያን ጊዜ ጥሙ ስለሚበርድ የዝግታው ፍሰት አያበሳጨውም። ቀኙ ክፉኛ ተወጥሮ ካደረ ግን በግራ እጀምራለሁ ብለው ሕመም አይቻሉ፤ አስቀድመው ጥቂት በእጅ ይለቡለት ወይም ለዚያ ጊዜ ብቻ በእርሱ ይጀምሩ። ማለቢያ መሣሪያውንም ወደ ግራው ያዛውሩት። ከጠባ በኋላ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢያልቡት በቂ ትእዛዝ ነው፤ ከዚህ አንዱን ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ቢያደርጉት ይመረጣል፣ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን በሌሊት ከፍ ይላልና። ለውጡ በቀናት ውስጥ የሚታያቸው አሉ፤ ብዙዎች ግን ሁለት ሳምንት ያህል መታገሥ ይኖርባቸዋል።

በማለቢያው የሚወጣው መጠን ልጁ ከሚያገኘው ጋር አንድ አይደለም። በደንብ የሚጠባ ሕፃን ከመሣሪያ የበለጠ ያወጣል፤ በዚያ ላይ የመሣሪያው ጥሩምባ መሰል አፍ ለጡትዎ ጫፍ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ምርቱ ያነሰ ይመስላል። ሁለት ጡቶች በጫፍ መጠን ሊለያዩ ስለሚችሉ በቀኙ ልክ የተገዛው ለግራው ላይሆን ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም።

በቀኙ በኩል ትን እንዳይለው እርስዎ ወደ ኋላ ጋደም ብለው ልጁን ደረትዎ ላይ በሆዱ አስተኝተው ያጥቡት። መጀመሪያ የሚፈነጥቀውን ወተት ጨርቅ ላይ አፍስሰው እንደገና ማስያዝም ይቻላል። ግራውን የሚጠላው በአያያዙ ምክንያት ከሆነ፣ እግሮቹን ወደ ኋላዎ አድርገው በግራ ብብትዎ ሥር ይያዙት፤ በቀኙ ሲጠባ የለመደውን ጎን ሳይለውጥ ግራውን ያገኛል። አንገቱን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዞር፣ ወይም ጆሮው የታመመ ሕፃንም አንዱን ጡት እምቢ ሊል ስለሚችል ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። ከዚህ ቀደም ያለ ችግር ይጠባው የነበረውን ጡት ልጁ በድንገት ቢተወውና በጡቱ ላይ የማይጠፋ እብጠት ቢያገኙ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይታዩ።

መልስ፣ በሕፃናት ክፍል ከምትሠራ ነርስ

ልጁ መጥገቡን በተመለከተ ከሁሉ በላይ የሚታመነው ሚዛኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሕፃን በአማካይ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል፤ የእርስዎ ልጅ በክትትል ላይ ጥሩ ከተባለ ትልቁ ጥያቄ ተመልሷል። በቤት ውስጥ የሽንቱን ብዛት ይዩ፤ በ24 ሰዓት 6 ወይም ከዚያ በላይ በደንብ የረጠበ ዳይፐር ካለ፣ ሽንቱም ነጣ ያለ ከሆነ በቂ እያገኘ ነው። ሰገራው በዚህ ዕድሜ ገደማ ሊራራቅ ስለሚችል በእርሱ ብቻ አይፍረዱ። አመሻሽ ላይ ቶሎ ቶሎ መጠየቁም የወተት ማነስ ምልክት አይደለም፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባ ሕፃን የተለመደውን እያደረገ ነው። የግራ ጡት መለስለስም ባዶነትን አያሳይም። ልጁ ለመጥባት ካልነቃ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም አፉ ከደረቀ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት።

መልስ፣ የጡት ብግነት ከነበረባት እናት

እህቴ፣ እኔ የምጨምረው መቼ ወደ ሐኪም እንደምትሄጂ ነው። ትኩሳትሽ 38.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለሽና ሰውነትሽን ከቆረጠመሽ፣ ወይም በጡትሽ አንድ ወገን ሲነካ የሚያቃጥል መቅላት ከታየ ነገሩ ከውጥረት አልፏል። የመቅላቱ ምልክት በሚያረግቡ ዘዴዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይም ትኩሳቱ ካየለብሽ ዛሬ ነገ አትበይ። ለእኔ ከማጥባት ጋር የሚስማማ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፤ ማጥባቱንም ቀጠልሁ፣ የታመመው ጡት ወተት ጤነኛ ሆኖ የተወለደን ሕፃን አይጎዳውም። በድንገት ማቆሙ መግል ወደ መቋጠር ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪሜ አስረድታኛለች። ሌላም አለ፤ ለጉንፋን ከሚሰጡት ውስጥ ፕስዩዶኤፌድሪን ያለባቸው፣ እንዲሁም ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያዎች የሁለቱንም ጡት ወተት ሊቀንሱ ይችላሉ። አንዳንዶች ውጥረቱን ለማርገብ ብለው የጉንፋኑን መድኃኒት በራሳቸው ይወስዱታል፤ ግራሽ ባነሰበት ጊዜ አንቺ እንዳትሞክሪው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ይፈቀድልኝ፤ ሌሊት ቀኙ ተወጥሮ ሲቀሰቅሰኝና ልጁ ግን ተኝቶ ሳለ ምን ላድርግ? የታለበውስ ወተት ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል?

መልስ፣ ከአዋላጅ ነርሷ

መጀመሪያ ልጁን ሙሉ በሙሉ ሳይቀሰቅሱ ከንፈሩን በጡቱ ጫፍ ዳሰስ ያድርጉት፤ በእንቅልፍ ልቡ ያለ ሕፃን ብዙ ጊዜ ይጎርሳል፣ ፍሰቱንም ከነቃው ይልቅ ረጋ ብሎ ይቀበለዋል። እምቢ ካለ ማለቢያውን አያንሡ፤ ለጥቂት ደቂቃ በእጅ ይለቡ፣ ውጥረቱ ረገብ ሲል ያቁሙ፣ ቀዝቃዛውን ጨርቅ አስቀምጠው ይተኙ። ጠዋት ጡቱ የሞላ ሆኖ ቢያገኙትም፣ ካላመመዎ ባለበት ይተዉትና ልጁ ሲጠባ ይቅለለው። የታለበው ወተት በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ በረዶ ሆኖ ከተቀመጠ እስከ 6 ወር መጠቀም ይቻላል። በረዶ የነበረው በማቀዝቀዣ ውስጥ ከሟሟ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙበት፤ መልሰው በረዶ አያድርጉት።