ከእንጦጦ ቁልቁለት በኋላ ፍሬኑ ይለሰልሳል፤ ለጎልፍ ጂቲአይ የትኛው ሸራና ዲስክ ይሻላል?

ጎልፍ ከሱሉልታ፦
ሰላም ወገኖች። ጎልፍ 5 ጂቲአይ ነው የምነዳው፣ ባለ 2.0 ተርቦ፣ ማርሹ ዲኤስጂ፣ ራሱ የሚቀያይረው። ቤቴ ሱሉልታ ሥራዬ ፒያሳ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እንጦጦን ወደ አዲሱ ገበያ መውረድ ግዴታዬ ነው። ሰሞኑን ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። በአዳማ ፈጣን መንገድ ከ100 በላይ ሆኜ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ቁልቁለቱን ወርጄ ስጨርስ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ፔዳሉም ልስልስ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል፤ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

መካኒኬ የፊቱን ዲስክ ቶርኖ ቤት ወስደን ላዩን እናስተካክለው ይላል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች ደግሞ ባለ ቀዳዳ ዲስክ ከሬሲንግ ሸራ ጋር ውሰድ ብለውኛል። ዲስኩ ሲለካ 22.6 ሚሜ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መካኒክ ገላን፦
ወንድሜ፣ ቶርኖውን እርሳው። የዚህ መኪና የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን ስፋቱ 312፣ ውፍረቱ 25 ሚሜ ነው። መጨረሻው 22 ነው፤ ዲስኩ ላይም ተቀርጾ ታገኘዋለህ። 22.6 ላይ ያለውን ከሁለቱም ወገን ትንሽ ከላጥከው ምን ይቀርሃል? ዲስክ የሚሠራው ሙቀት እየዋጠ ነው፣ ከሳሳ ቶሎ ይግላል። አዲስ ግዛ፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ።

ፔዳሉ የሚለሰልሰው ግን በዲስኩ አይደለም፣ የፍሬኑ ዘይት እየፈላ ነው። ይቺን ለይ፦ ፔዳሉ ደረቅ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል፤ ፔዳሉ ከሰመጠ ግን መስመሩ ውስጥ እንፋሎት አለ ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲሱ ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ 155 ነው የሚጠይቀው። እሱም በባሕር ጠለል ግፊት ተለክቶ ነው፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ቀድሞ ይፈላል። አየሩም ስስ ስለሆነ ዲስኩን እንደ ቆላ አያበርድልህም። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር፣ ዶት 4 ወይም 5.1፤ በየሁለት ዓመቱም ድገመው። ዶት 5 የሚል ካመጡልህ መልስላቸው፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከዚህኛው ጋር አይቀላቀልም።

ቱርቦ ለቡ፦
መካኒክ ገላን ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ እኔ ስለ ሸራው ልጨምር። የሬሲንግ ሸራ ሳይሞቅ አይዝም። በኅዳር ውርጭ ከሱሉልታ ስትወጣ የመጀመሪያው ፍሬን ላይ ህፃን ልጅ መንገድ ቢገባብህ ያን ጊዜ ነው የሚያስፈልግህ፣ ዲስኩ እስኪግል የሚጠብቅህ የለም። ጥሩ የመንገድ ሸራ ግዛ። ብዙዎቹ ላይ ጠርዙ ወይም ጀርባው ላይ ሁለት ፊደል ተጽፏል፤ የመጀመሪያው መካከለኛ ሙቀት ላይ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይነግርሃል። ኢ ደካማ ነው፣ ኤፍ ደህና፣ ጂ ጠንካራ። ኤፍ ኤፍ ወይም ጂ ጂ ፈልግ። የመጀመሪያው ጂ ሆኖ ሁለተኛው ኢ የሆነ ካየህ ለእንጦጦ አይሆንህም፣ ልክ ስትፈልገው ነው የሚከዳህ።

ባለ ቀዳዳ ዲስክ ያምራል፣ አልክድም። ግን ርካሹ ከቀዳዳው ጫፍ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ተራው፣ መሐሉ አየር የሚያሳልፈው ይበቃሃል።

የሰንዳፋዋ፦
ማንም ያላነሳው አለ። ዲኤስጂውን ዲ ላይ ትተህ ነው እንዴ የምትወርደው? ዲ ላይ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ይቀይርና ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። ወደ ማንዋል ግፋው፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2 ወይም 3 ላይ ያዘው፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን ደግሞ እያሻሸህ አትውረድ፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቀው።

ሲገጠም አጠገቡ ቁም። አዲሱ ዲስክ ከመግባቱ በፊት የሚቀመጥበት ቦታ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ንጹሕ ብረት መታየት አለበት። እዚያ ላይ ትንሽ ዝገት ከቀረ ዲስኩ እየዋለለ ይሽከረከርና መንቀጥቀጡ ከጊዜ በኋላ ይመለሳል። ካሊፐሩንም፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን፣ በጎማ ቧንቧው አያንጠልጥሉት፣ በሽቦ ይሰሩት።

ከዚያ ሸራውን አለማምደው። መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 እያወረድክ ደጋግመህ ያዝ፣ ግን አትቁም። ከዚያ ፍሬን ሳትነካ እየነዳህ አብርደው። ግሎ ሳለ ቆመህ ፍሬን ረግጠህ ከያዝክ ሸራው ዲስኩ ላይ ይለጠፋል፣ መሪ የሚያንቀጠቅጠው አንዱ እሱ ነው።

ጎልፍ ከሱሉልታ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዲ ላይ ነበር የምወርደው፣ ነገ ጠዋት ማንዋል እሞክራለሁ። የኋላው ሸራም አልቋል፣ መካኒኬ ሸራውን የሚገፋው የካሊፐሩ ፒስተን አልገባ ብሎት በክላምፕ ሊጫነው ነው።

መካኒክ ገላን፦
በፍጹም እንዳይጫነው! የኋላው ካሊፐር ውስጥ የእጅ ፍሬኑ አሠራር አለ፣ ፒስተኑ እየተጫነ ወደ ቀኝ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። የሚያዞር መሣሪያ ከሌለው ያለው ጋራዥ ሂድ። በግድ ከተጫነ ካሊፐሩን ነው የምትገዛው።